ጭራዋ ላይ የተቀመጠችው አውሮፕላን

ባለ ሚዛኑ አውሮፕላኗን ጠረጴዛው ላይ አቆማት። አፍንጫዋን ወደ ጣሪያው ሰቅላ ጭራዋ ላይ ቁጭ አለች። ቀስ ብሎ አስተካከላት። አሁንም ቁጭ።

«ቁሚ እንጂ አንቺ!» ብሎ ጮኸባት።

ሰው ቢሰማ ጉድ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ የጭነት አውሮፕላን እንዳታዘነብል የቱ ዕቃ ከፊት፣ የቱ ከኋላ እንደሚጫን ማስላት። መጠሪያውም ከዚያው ወጣ። ዛሬ ደግሞ ከክንዱ የማትረዝም ፕላስቲክ ታላግጥበታለች።

ሦስት ሳምንት ፈጅታበታለች። ሻጩ የሚገጣጠሙ ክፍሎቿን የያዘውን ሳጥን ሲሰጠው «ይቺ እንኳን አስቸጋሪ ናት አባቴ» ብሎ መክሮት ነበር። ሙጫ ከመቀባትዎ በፊት ክፍሎቹን ገጥመው ይሞክሩ። ሙጫውን በስንጥር ጫፍ ብቻ ያስነኩ። የመመሪያ ወረቀቱን ደግሞ በቅደም ተከተል ይከተሉ፣ አይዝለሉ። ሁለቱን ምክር ተቀበለ። ክንፉ አልገጥም ብሎት ሦስት ጊዜ ሞርዶታል፤ መስኮቷ ላይ የጣቱ አሻራ በሙጫ የታተመ ቀንማ ሚስቱን አኩርፎ ዋለ፣ እሷ ምን እንዳጠፋች ባይታወቅም። ሦስተኛውን ግን ናቀው። «እኔን ነው አውሮፕላን የሚያስተምረኝ?» አለና ወረቀቱን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጠበት።

አሁን ከብርጭቆው ሥር መዝዞ አየው። ሁለተኛው ሥዕል ላይ፣ አፍንጫዋ ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ድብልብል ነገር ተስላለች፤ ሁለቱ ጎኖች ሳይጣበቁ ክብደት አስገባ ማለት ነው። ደሙ ፈላ። ከሰው ሁሉ እሱ ሚዛን ይርሳ? አሁን ተጣብቃለች፣ ቀለምም ተቀብታለች፤ ልክፈትሽ ቢላት ትሰበራለች።

ጊዜም የለው። ባልደረባው ምርኩዝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በጡረታ ይሰናበታል። ጭነት ሲገባ እውነተኛዋ አውሮፕላን ወደ ኋላ እንዳትቀመጥ ጭራዋ ሥር የብረት ድጋፍ የሚያቆመው እሱ ነበር፤ ምርኩዝ ያሉትም ለዚሁ ነው። «አውሮፕላናችንን በእጄ ሠርቼ አመጣልሃለሁ» ብሎ በሰው ፊት ቃል የገባለት ደግሞ ራሱ ባለ ሚዛኑ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ከፕላስቲክ ጋር ምን ያጣላሃል?»

«ተዪኝ። አልሄድም። የጫኚ ሁሉ መሳቂያ አልሆንም!»

«ወረቀቱን አንብብ ብዬህ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ።» ክሩ ያለቀበት የእንጨት መጠቅለያ አነሳችና ጭራዋ ሥር ሸጎጠችው። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ቆመች። «ይኸው ቆመች። በል ሂድ፣ ሰውየው ይጠብቅሃል።»

እያጉረመረመ ሄደ። የጭነት መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኛው ለስንብቱ ተሰብስቧል። መጠቅለያው እንዳይታይ ጭራዋን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጣት። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ጫኚ ልያት ብሎ አነሳትና መልሶ ሲያኖራት ቁጭ አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ሚዛኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ምርኩዝ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ መጠቅለያውን ፈለገና በዝግታ ጭራዋ ሥር አስገባው፤ ስትቆም እጁን ሳያነሳ ጥቂት ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አንተ ሰው፣ እኔ ከሌለሁ እንዳትቆም አድርገህ ሠራሃት?»

ባለ ሚዛኑ ስለ ወረቀቱ ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን ተወው።

«ያለ አንተ መቼ ቆማ ታውቃለች?» አለ።

ከዚያ ወዲያ መጠቅለያውን የነካ ሰው የለም።