ሁለት አዛን፣ አንድ ቁልፍ

የቪዲዮ ፋይሉ ርዝመት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ይላል። ፕራሶጆ ግን ትናንት ቅዳሜ በኮምፒውተር ሲጫወትና ሲቀርጽ የዋለው ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አየው። ያው ነው፤ ሁለት ሰዓት ከዐሥር።

ቀኑ እሁድ፣ ጊዜው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ፋይሉ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ባንዱንግ ከተማ መድረስ አለበት። እዚያ ያለ አንድ የጨዋታ ሠሪዎች ድርጅት፣ አዲሱን ጨዋታውን እየተጫወተ የሚያወራ አንድ ሰው በደመወዝ ሊቀጥር አስቧል፤ አንድ ብቻ። የጠየቀው ብዙ አይደለም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው መጫወት፣ እየተጫወቱ በራስ ድምፅ ማውራት፣ ስክሪኑን ከነድምፁ ቀርጾ ምንም ሳይቆርጡ በአንድ ፋይል መላክ። በቃ። ፕራሶጆ ለዚህ ብሎ ከባቲክ ጨርቅ ማቅለሚያው ከወጣ አምስት ወሩ ነው፤ የጥፍሩ ሥር ሰማያዊ እንኳ ገና አልለቀቀም። ይሄኛው ካልተሳካ ወደ ማቅለሚያው ገንዳ እንደሚመለስ ለሚስቱ ምሎላታል። ደግሞ ምሎ የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ግን ቃሉ ቃል ነው።

ለዲፖ ደወለ። ዲፖ ፔካሎንጋን ከተማ ውስጥ በዚያ ሰፈር ኮምፒውተር ሲታመም የሚጠራው ሰው ነው፤ የሚያውቀው ብዙ፣ የሚያወራው ደግሞ ከሚያውቀው ይበልጣል። መጣ። የፕራሶጆ ሚስት ወኒንግ እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ቆማ ከአኩሪ አተር የተሠራ ቴምፔ ለሽያጭ ትጠብሳለች።

«ምባክ ወኒንግ፣ እህቴ፣ ባልሽ ሞተ እንዴ? በስልክ ሲያለቃቅስ ነው የሰማሁት።»

«ገና ነው። ኮምፒውተሩ ይቅደም ብሎ ነው» አለች ዘይቱን እያራገፈች። «አንድ ብቻ አንሳ! አይቼሃለሁ።»

ሁለት አንስቶ ገባ።

ዲፖ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሐኪም ከላይ ጀመረ። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ይሆን? አልሞላም፤ ግማሹ ባዶ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። መቅረጫው ፕሮግራም የተሳሳተውን ግራፊክስ ካርድ ይዞ ይሆናል፤ ስንት ሰው ጥቁር ስክሪን ሲቀርጽ የሚውለው በዚህ ነው። ከፍቶ አየው፣ ትክክለኛውን ነው የያዘው። ፕሮግራሙን አጥፍቶ አስነሣው። አምስት ደቂቃ ሙከራ ቀረጹ። ምስሉ ጥርት፣ ድምፁ ጥርት።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለ ዲፖ። «የታመመው ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ ፋይሉን አይተኸዋል?»

«ርዝመቱን አይቼዋለሁ።»

«ውስጡን ነው ያልኩህ።»

አይ ሰው! አምስት ወር ሙሉ ሲቀርጽ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ የቀረጸውን አላየም። ምክንያቱም የገዛ ድምፁን መስማት አይወድም። ራሱ መስማት የማይፈልገውን ድምፅ ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማለት ነው የሚፈልገው።

ከፈቱት። «እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾች» ይላል የፕራሶጆ ድምፅ፣ የቀበሌ ስብሰባ የሚከፍት ይመስላል። «አሁን ወደ ግራ እንታጠፋለን። አሁን መሰላሉን እንወጣለን።» ዲፖ እያዛጋ ወደ ፊት አሳለፈው። አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከሩቅ የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ተሰማ፣ ወዲያው ምስሉ ዘለለ፣ ከዚያ ሌላ አዛን ጀመረ፤ ይሄኛው ቅርብ ነው። ወንበር ሲገፋ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ። ስክሪኑ ላይ የጨዋታው ማውጫ ብቻ ተገትሮ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ዲፖ። «አዛን ሲሰማ ምን ታደርጋለህ?»

«መቅረጫውን አቆማለሁ። ይቺን ቁልፍ እጫናለሁ። አዛን እየተሰማ ጨዋታ መቅረጽ ነውር ነው።»

«ስትመለስስ?»

«ያቺኑ እጫንና ይቀጥላል።»

«የቱ አዛን ነው ያቆምከው? የቦዩ ዳር መስጊድ ነው ወይስ ከጓሮህ ያለው?»

የቦዩ ዳር መስጊድ ቀድሞ ይጠራል። የጓሮው ትንሽ መስጊድ ሙአዚን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያምኑት የራሳቸውን ሰዓት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይከተላሉ። ፕራሶጆ በመጀመሪያው አዛን ቁልፏን ተጭኖ አቁሟል። ጨዋታውን አስቀምጦ ሊነሣ ሲል ሁለተኛው ሲያስተጋባ፣ እጁ በልማድ ሄዶ ደግሞ ተጫነ። መቅረጫው መልሶ ተነሣ። ከሶላት ሲመለስ «ይቀጥል» ብሎ ሲጫን ደግሞ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንዴ አንዴ ብቻ ቢጫንም ቀኑን ሙሉ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ መቅረጫው እሱ ሲጫወት ተኝቶ፣ መስጊድ ሲሄድ ነቅቶ ዋለ።

«የመጨረሻው ጭራቅ የሞተበት...»

«የለም» አለ ዲፖ። «ያለህ አንተ የሌለህበት ነው። ማሻላህ፣ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሳትሆን አትቀርም።»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል አልፏል። ምዕራፉን እንደገና ለመጫወት ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ የቀረው ሁለት ተኩል ነው። ፕራሶጆ ወንበሩ ላይ ተዘረረ። የማቅለሚያው ውሃ የሸተተው መሰለው። በቃ፣ አለቀ ብሎ አሰበ።

በዚህ መሃል ማንም ያልዘጋው ፋይል እየሄደ ነበር። በሩ ተከፈተ። ወንበሩ ሲጥጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ማውጫው ተነካካና የጨዋታው መለማመጃ ሜዳ ተከፈተ። ከዚያ የሴት ድምፅ፦

«ና እስቲ፣ አንተ ባለ ሦስት ጭንቅላት! ሦስት ጭንቅላት ተሸክመህ አንድ ሐሳብ የለህም? ... እሰይ! ቅመስ! ወዴት ወዴት፣ ሒሳብ ሳትከፍል?»

ወኒንግ ናት።

ሁለቱም ተፋጠጡ። ደጃፉ ላይ ዘይቱ ይንጫጫል፤ እሷ ምንም አልሰማችም። ፕራሶጆ መስጊድ በሄደ ቁጥር ሚስቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ኖሯል። በዙሁር ሶላትም፣ በአስር ሶላትም፣ በመግሪብም። እጇ ደግሞ ፈጣን ነው፤ እሱ ሳምንት የፈጀበትን ዝላይ በሁለተኛው ሙከራ አለፈችው። ከባሕር ስምንት ክንድ ያለው አውሬ ሲወጣ እንዲህ አለችው፦

«ውይ ስታሳዝን! ስምንት እጅ ይዘህ አንድ ሰሃን አታጥብም አይደል? ቁርጥ የአማቴን ልጅ!»

ዲፖ ከሳቁ ብዛት ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። ፕራሶጆም ሳቀ፤ ሳያስበው ነው ያመለጠው። የአማቷ ልጅ ማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ጆሮው ጋለ። ከስድቡ በላይ ያሳመመው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እሷን ሲሰማ አልሰለቸውም። ይህን ደግሞ ስለ ራሱ ሥራ አንድ ቀን ብሎት አያውቅም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አለ ዲፖ ሲተነፍስ። «ላከው።»

«ሕጉን አያሟላም። ምዕራፉ አላለቀም።»

«ባዶ እጅህን ከምትቀር ላከው። በማን ስም እንደምትልከው ግን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ወጣ፤ ሲወጣም ሦስተኛ ቴምፔ አነሣ።

ቅጹ ላይ «የተጫዋቹ ስም» የሚል ቦታ አለ። ፕራሶጆ የራሱን ስም ጻፈ። ረጅም ጊዜ አየው። ፋይሉ ውስጥ የሱም ድምፅ አለ፣ ውሸት አይደለም። ኮምፒውተሩም የሱ ነው። አምስቱም ወር የሱ ነው። ከዚያ አጠፋውና «ወኒንግ» ብሎ ጻፈ፤ ሐሳቡን ሳይቀይር በፊት ቶሎ ላከው።

ነገራት። የመጥበሻው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ።

«የኔን ድምፅ? ያንን ሁሉ ስድብ? ለባንዱንግ? ወይ ጉዴ! ማስ፣ አብደሃል?» አለች፤ ባሏን «ማስ» ብላ ነው የምትጠራው።

«ስምንት እጅ ስላለው ብትጠይቂኝ ይሻላል።»

«እሱን ሰማኸው?» አለችና አፏን ያዘች። ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ አላየችውም።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ፕራሶጆ ስልኩን ይዞ ደጃፍ ወጥቶ ጮክ ብሎ አነበበላት። ወይዘሮ ወኒንግን መርጠዋል። ሕጉ ባይሟላም እንዲህ የሚያወራ ሰው አላገኙም፤ ውሉ ይከተላል። ቀጥሎ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ሊዘለው ይችል ነበር፤ እሷ ስልኩን አላየችም። አልዘለለውም። «በመጀመሪያዎቹ አርባ አምስት ደቂቃዎች የሚያወራው ሰውዬ ተቆርጦ ይውጣና ቪዲዮውን መልሳችሁ ላኩልን፤ ለሕዝብ እናወጣዋለን» ይላል።

ወኒንግ አልሳቀችም። እሳቱን ቀነሰች።

«ይሄን ማንበብ የግድ ነበር?»

«ደብዳቤው ላይ አለ።»

«እና አንተ?»

«ሰኞ ማቅለሚያው እገባለሁ። ነግሬያቸዋለሁ።»

ደስ አለው ብል ዋሸሁ። አላለውም፤ ቀናባት፣ ደግሞ ኮራባት፣ ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ ነበሩ። መቁረጥ ግን እሱ ብቻ ነው የሚችለው። ገብቶ ተቀመጠ። የሚቆረጥበትን ቦታ ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምሮ ማዳመጥ ነበረበት፤ አዳመጠ፣ አርባ አምስቱንም ደቂቃ፣ አንድም ሳያሳልፍ። ወኒንግ እጇን እየጠረገች መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ትንሽ ተው እንጂ፣ ማስ» አለችው። «ያቺን ሰላምታ እንኳ። እንደምን ዋላችሁ የምትለዋን።»

«ሰውዬው ማን ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

«ባሌ ነው እላለኋ።»

«ሰውዬው ይውጣ ነው ያሉት» አለ ፕራሶጆ። ከዚያ ሰላምታውንም ጨምሮ ቆረጠው።