የዳኛው አንባቢ

ቀናተኛ ሰው ራሱን ቀናተኛ ብሎ አያውቅም፤ «ለሥራው አስቤ ነው» ይላል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ «ገጽ»ም ያንን ሴሚስተር ሙሉ ለሥራው ስታስብ ከረመች። ለሥራ ያሰበ ሰው እንደዚያ ምግብ ይጠላል ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ስሙን ያወጡላት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ናቸው። ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ በሩን በአሮጌ ፍራሽ ደግፋ፣ የመማሪያ መጻሕፍትን ጮክ ብላ እያነበበች በስልኳ ትቀዳላቸዋለች። ኮምፒውተር የሚያነብላቸው የተተየበ ነገር ብቻ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ሁሉ ግን የሰው አፍ ይፈልጋል። ታዲያ ቅጠል በገለበጠች ቁጥር «ገጽ አርባ አንድ»፣ «ገጽ አርባ ሁለት» ማለት ደንቧ ነው። ተማሪ የጥናት ጽሑፍ ሲጽፍ ሐሳቡን ከየትኛው ገጽ እንደወሰደው ካልጠቀሰ ዜሮ ይከናነባል። ከእሷ በፊት ይህን ልብ ያለ አንባቢ ስላልነበረ ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች። የክፍሏን ቁልፍም እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው።

ቤቷ በአውቶብስ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። እናቷ በየእሑዱ ትደውላለች።

«በሳምንቱ ምን ተማርሽልኝ?»

«የውል ሕግ ሳነብ ሰነበትኩ፣ እማዬ።»

«ሒሳብ ነገር ነው የምማረው አላልሽኝም እንዴ?»

«አዎ፣ ስታትስቲክስ ነኝ። የውል ሕጉ ለልጆቹ ነው። በጎ ፈቃድ።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! ውጤቷ ወርዷል ብሎኛል ወንድምሽ።»

«ትንሽ ነው የወረደው።»

«በጎ ፈቃድሽ ለራስሽም ይድረስሽ፣ የኔ ልጅ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

ለእናቷ ያልነገረቻት ስለ ዳኛው ነው። ዳኛው የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሲሆን ዓይኑን ያጣው በሰባት ዓመቱ ነው። ሁለት ልጆች ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ «ተራዬን ወሰድክ» ተባብለው ቢጣሉ እንኳ «ቆይ፣ ሁለቱንም ወገን እንስማ» ስለሚል ነው ዳኛው የተባለው። በግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ። አሥሩን አብረዋት ለሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች አከፋፍላለች፤ እሱን ግን ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። ፍቅር ነው ወይ ቢሏት እሷም በቅጡ አታውቀውም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻው ፈተና ላይ ከጎኑ ተቀምጦ የሚያነብለት ሰው ከእሷ ሌላ እንዲሆን አትፈልግም።

ይህ ደግሞ እንዲሁ የሚገኝ አልነበረም። ለዓይነ ስውር ተማሪ ጥያቄውን የሚያነብለትንና መልሱን የሚጽፍለትን ሰው የሚመድበው የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ የሚመድበው በዕለቱ ሥራ የፈታውን ነው። ባለፈው ዓመት የመጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የከበደውን ቃል ሁሉ «ይቺን እንዝለላት» እያለ አንብቦ ሲጨርስ ተፈታኙ ከላብ በስተቀር የተረፈው አልነበረም። ገጽ አቤቱታ አረቀቀች፤ ተማሪው አንባቢውን ራሱ ይምረጥ የሚል። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ቁርስ ሰዓት ላይ ሰልፉን ከጭራው እስከ ራሱ እየተከተለች ሻይና ዳቦ ከያዘ እጅ ስምንት መቶ አርባ ሁለት ፊርማ ለቀመች። ሰው ለመብት ነው የሚታገለው ብሎ አደነቃት። ለመብትም ነበር፤ ውሸት አይደለም።

ሬዲዮን ያመጣቻት በገዛ እጇ ነው። ሬዲዮ ከእሷ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ድምፅዋ «እንደምን አደርሽ» ስትል እንኳ ዜና የምታነብ ያስመስላታል። አንባቢ ስላነሳት «ነይ እስቲ ሞክሪ» አለቻት። ዳኛው የራሱን ቅጂ ሊወስድ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮ ከመጽሐፉ አንድ የክስ ታሪክ አነበበች፤ በግ ሰርቀሃል የተባለው ሰውዬ ሲናገር እሱኑ ሆነች፣ ዐቃቤ ሕጉ ሲናገር አፍንጫዋን ነፋች። ዳኛው ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ገጽ ሁለት ዓመት ሙሉ አንብባለት ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ አግኝታ አታውቅም። ቆሽቷ አረረ።

ዳኛው ከሄደ በኋላ ሬዲዮን የንባቡን ደንብ አስጠናቻት። ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቂ፤ ሥዕል ካለ ምን እንደሚያሳይ ተናገሪ፤ ስትሳሳቺ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሚ። ሬዲዮ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻትና «ሌላስ?» አለች።

«ሌላ የለም» አለች ገጽ።

በሚቀጥለው ሳምንት እነግራታለሁ ብላ ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ የሚቀጥለውን ጠበቀች። ሬዲዮን ከዳኛው ለማራቅ ለሦስት የመጀመሪያ ዓመት ልጆች መደበቻት፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ዳኛው ማክሰኞ ማክሰኞ ሬዲዮ ስታነብ ለመስማት ብቻ እየመጣ ጥግ ላይ ይቀመጥ ጀመር። የማይማርበትን መጽሐፍ ገጽ ማን ይቆጥራል? እሱም ነገሩን ልብ አላለም። ገጽ ከፍራሹ ማዶ ሆና ሳቁን ትሰማለች፤ የያዘችው የራሷ ደብተር ደግሞ እንደተገለጠ ይውላል።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አቤቱታውን ለመስማት ሲጠሯቸው ገጽ፣ ዳኛውና ሬዲዮ ሆነው ገቡ። ኃላፊው ፊርማዎቹን አገላበጡና ከመሳቢያቸው ሦስት የጥናት ጽሑፎች አወጡ።

«ጥያቄያችሁ ጥሩ ነበር። ግን እስቲ እዩት ይህን!» አሉና ለዳኛው ዘረጉለት።

«ቢያነቡልኝ ይሻላል» አለ ዳኛው።

ኃላፊው ደንገጥ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይቅርታ፣ ልጄ። የሦስት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሥራ ነው። አንድም ቦታ የገጽ ቁጥር አልጠቀሱም። መምህሩ ከየት እንደገለበጡት አይታወቅም ብሎ ሦስቱንም ዜሮ ሰጥቷቸዋል። አሁን ንገሩኝ፤ መጽሐፍ በወጉ ያላነበበ አንባቢ ፈተና ያነባል?»

ሬዲዮ ፊቷ ቀላ። «እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ገጹን... ገጹ ይነበባል እንዴ?»

ዳኛው ፊቱን ወደ ገጽ አዞረ። «አልነገርሻትም?»

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዷ አሳምሮ ያውቃል። ግን ስምንት መቶ አርባ ሁለቱ ፊርማ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዳኛው እየሰማ ነው፣ ሬዲዮም አጠገቧ ናት።

«ነግሬያት ነበር» አለች።

ሬዲዮ ሦስቱን ጽሑፎች አየቻቸው። ከዚያ «ረስቼው ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጆቹ ጽሑፋቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተካክለው እንዲመልሱ ፈቀዱ፤ አንባቢን የመምረጡንም መብት ሰጡ፣ ኃላፊነቱን ተማሪው ራሱ ከወሰደ። ፎርም ተሞልቶ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ይግባ፣ አንዴ የገባ ስም አይለወጥም አሉ። አሸነፉ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ የሰማ ሁሉ ገጽን እያቀፈ እንኳን ደስ አለሽ አላት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሬዲዮ ሦስቱን መጻሕፍት ታቅፋ መኝታ ክፍል ገባች። ሁሉንም ከገጽ አንድ ጀምራ ልትቀዳቸው ነው።

«ይቅርታ እሺ፣ እህቴ» አለቻት። «ነግረሽኝ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። በእኔ ምክንያት የዘጠኝ ሳምንት ልፋትሽ ገደል ሊገባ ነበር።»

«ምንም አይደል» አለች ገጽ። እንኳን ድምፅዋ ልቧም ይበልጠኛል ብላ አሰበችና ለዚያም ቀናች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖባት እውነቱን አልተናገረችም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳኛው በዱላው የፍራሹን ጠርዝ እየነካ ወደ ክፍሏ ገባ። በእጁ ያልተሞላ ፎርም ይዟል። ገጽ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር፤ ለዚህ ቀን ብላ ፀጉሯን ሳይቀር ተሠርታለች፣ እሱ እንደማያየው እያወቀች።

«ከሰው ሳትሰሚ ከእኔ አፍ ስሚው ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «የመረጥኩት ሬዲዮን ነው።»

«ሬዲዮን?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ገጽ የማትጠራዋን?»

«‹ገጽ ጥሪ› ብሎ ማንም ያልነገራትን።»

ገጽ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበርሽ እኮ» አለ። «ቃል ሲከብድሽ መጀመሪያ ምራቅሽን ትውጫለሽ፣ ከዚያ ድምፅሽ ከፍ ይላል። የላቲኖቹን ቃላት ስታነቢ ሁሌ እንደዚያ ነው። ቢሮ ውስጥ ‹ነግሬያት ነበር› ስትዪም ዋጥሽ።»

«ቀንቼ ነው» አለች። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አዲስ ሆነባት። «ስታነብ ሳቅክላት። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ስቀህ አታውቅም።»

«አንቺ ስታነቢማ እያጠናሁ ነበር!» አለ ዳኛው እንደ መገረም ብሎ። «ማለፌንና መውደቄን የሚወስንልኝ ንባብ ላይ ልሳቅ? የሷ ጨዋታ ነው፤ ያንቺ እንጀራዬ ነበር።»

ገጽ «ነበር» ማለቱን ሰማች።

«ፈተና ላይ ‹ሐ› ብዬ ስናገር» አለ፣ «እጇ ‹ሐ› ይጻፍ ‹መ› አላይም። ለዚያ ሰዓት የሚያስፈልገኝ የማምነው እጅ ነው። ድምፅዋ ቢጎረብጥም ግድ የለኝም ነበር።»

«እኔን አታምነኝም ማለት ነው።»

«አሁን አላምንሽም።» ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሬዲዮ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ናት፤ ቢሮው በግማሽ ሰዓት ይዘጋል። ሙዪልኝ።»

ገጽ ብዕሩን አነሳች። የእሱን ስም ሞላች፣ የመታወቂያ ቁጥሩን በቃሏ ስለምታውቀው ሳትጠይቀው ጻፈች። ከዚያ «የተመረጠው አንባቢ ሙሉ ስም» የሚለው ጋ ደረሰች። ራሷ ያረቀቀችው ቃል ነው፤ ኃላፊው እንዳለ ነበር ያተሙት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሚያየው አንዱ ብቻ ነው፣ አንዴ የገባ ስም አይለወጥም። የራሷን ስም ብትጽፍ እስከ ፈተናው ጠዋት የሚያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ይህን ሁሉ በደቂቃ ውስጥ አሰበችው፤ አሰበችው ብቻ ሳይሆን ወደደችው። ብዕሩ ወረቀቱን ነክቶ ነጥብ አበጀ።

«ጻፍሽ?» አለ ዳኛው።

«እየጻፍኩ ነው።»

የሬዲዮን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈች። ፊደሉን አጥብቃ፣ ቀስ ብላ ነበር የጻፈችው። ደግ ሥራ ልብ ያሳርፋል ይላሉ፤ የእሷ ግን አላረፈም። የአያትየውን ስም ስትጽፍ እንኳ ምን ያለ የሚያምር ስም ነው ብላ ቀናች። ከዚያ የዳኛውን ጣት ይዛ የፊርማው መስመር ላይ አኖረችለት፤ ፈረመ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

የጻፈችውን አነበበችለት። ስታነብ ምራቋን እንዳትውጥ ተጠንቅቃ ነበር፤ ጥንቃቄዋ ራሱ እንዳስጠረጠራት የገባት በኋላ ነው።

«አመሰግናለሁ» አለና ፎርሙን ተቀብሏት ወጣ።

በሩ ክፍት ነበር። የዱላው ድምፅ ወደ ቢሮው ደረጃ ያመራል ስትል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ሄዶ ቆመ። መግቢያው ላይ ቦርሳ የሚፈትሹት ሽማግሌው ጥበቃ ናቸው።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት» ሲል ሰማችው። «የአንባቢ ስም የሚለው ጋ ምን ተጽፏል?»

ጥበቃው መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ከዚያ ፊደል በፊደል እየለቀሙ የሬዲዮን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«እሷ ናት የፈለግከው?» አሉት።

«አዎ፣ እሷው ናት።»

ዱላው ወደ ቢሮው ደረጃ ማንኳኳት ጀመረ። ገጽ ብዕሩን እንደያዘች ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ያነበበችለትን ነገር አንድም ቀን በሌላ ሰው አስነብቦ አያውቅም ነበር።