ማስረጃ ይፈለግለት

የምሠራበት ቤት «ነጻ የአየር ንብረት ጥናት ማዕከል» ይባላል። ነጻነቱ እስከ በሩ ነው፤ በሩን የሚከፍትልን ደመወዛችንን የሚከፍለው የነዳጅ ኩባንያ መታወቂያ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? እኛም እንጮሃለን፣ ያውም በዶክትሬት።

እኔ የጽሑፍ አራሚ ነኝ። እዚህ ቤት መደምደሚያው ከኩባንያው ተጽፎ ይመጣል፤ ጥናቱ ከኋላ ይደርስበታል። ከፈረሱ ጋሪው መቅደሙ ለሌላው ሰው ስህተት ነው፣ ለእኛ የሥራ መመሪያ። ዳይሬክተራችን ክፍት ቦታ ሲያገኝ በቅንፍ «ማስረጃ ይፈለግለት» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ዶክተሮቹ ያገኙትን ለቃቅመው ይሞሉታል።

ባለፈው ወር በፋብሪካ ጭስ ላይ ቀረጥ የሚጥል ረቂቅ አዋጅ ፓርላማ ሊቀርብ ነው ሲባል ቤቱ በጥድፊያ ታመሰ፤ አንዱ ቅንፍ ሳይሞላ ጥናቱ ለኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ተላከ። አይቼዋለሁ። መቼም አንብቦ የሚነቃበት አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ እንዳለ ተውኩት።

ሚኒስትሩ ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ጥናታችንን አነበቡ፦ «የፋብሪካ ጭስ ለሙቀቱ መጨመር ተጠያቂ አይደለም። ማስረጃ ይፈለግለት።» ድምፃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ረቂቁም ውድቅ ሆነ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። አለቀልኝ ብዬ ገባሁ። እሱ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

«ሚኒስትሩን ሰማህልኝ አይደል፣ ወንድሜ? ለካ እስከዛሬ በከንቱ ነው የለፋነው። ካሁን ወዲያ ማስረጃ መፈለጉ ይቅርብን።»