ተቀምጦ «ኖር»

ይተነፍሳል ድንኳኑ፣ እንደ ሰው ደረት። ሰው ሲገባ፣ ነጠላ የለበሰው ሁሉ ከበሩ እስከ ጥጉ «ኖር» እያለ ወደ ላይ ይሳባል፤ የገባው «በእግዜር» ሲል መልሶ ይወርዳል። ይነሣል ድንኳኑ... ይቀመጣል ድንኳኑ።

እስከዳር ብቻ አትነሣም።

ደሴ ላይ፣ በዳገቱ ወገብ በተተከለው በዚህ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ የሟች ምራት እርሷ ናት። ወጣት ናት። ፊቷ ሙሉ፣ ቁመናዋ ያማረ... ምንም የጎደላት አይመስልም። ምንም የጎደላት ስለማይመስልም፣ አለመነሣቷ ሌላ ስም ተሰጠው።

ኩራት።

ድንገት ስትቆም ደሟ ወደ እግሯ ይወርዳል፤ ወደ ራሷ ለመመለስ ይዘገያል። መጀመሪያ ድምፅ ይርቃል። ቀጥሎ ብርሃን ይርቃል። ቀጥሎ እርሷ ራሷ ትርቃለች... ስትነቃ መሬት ላይ ናት። ግድግዳ ይዛ፣ ጊዜ ወስዳ፣ በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ ትቆማለች። አክብሮት ግን ጊዜ አይሰጥም።

ይህን የሚያውቀው ባሏ ናሁሠናይ ብቻ ነው። በሠርጋቸው ሰሞን በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የነገራት።

«ኩሩ ይበሉሽ፣ እስኩ። በሽተኛ ከሚሉሽ ኩሩ ይበሉሽ።»

ኩሩ አሏት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የባሏ እናት፣ የሟች ሚስት እትዬ አስካለ፣ ቁርጡን ነገሯት። የሟች ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ይርዳው፣ ከወልዲያ መንገድ ላይ ናቸው፤ እርሳቸው ሲገቡ ተቀምጣ ከተገኘች፣ ከልቅሶው በኋላ የዚህን ቤት ደጃፍ እንዳትረግጥ። ናሁሠናይ አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። ጫማውን አየ።

ይነሣል ድንኳኑ... ይቀመጣል ድንኳኑ። የእድሩ ዳኛ ገቡ፤ አልተነሣችም። ቄሱ ገቡ፤ አልተነሣችም። ከኋላዋ አንዲት ሴት፣ ይችን ልጅ ከወንበሩ ጋር ሰፍተዋታል እንዴ ስትል፣ ሌላዋ ሣቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

ከዚያ ጋሼ ይርዳው ገቡ፣ ከዘራቸውን አስቀድመው።

ተሳበ ድንኳኑ ወደ ላይ። እስከዳር የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠች። ገና ከመቀመጫዋ ከፍ ሳትል ድምፅ ራቀ... ብርሃን ሊርቅ ዳዳው... መልሳ ተቀመጠች።

በቆሙት መካከል ብቻዋን ዝቅ ብላ ታየች። ሽማግሌው ፊቷ ቆሙ። «በእግዜር» አላሉም። ስላላሉም ማንም አልተቀመጠም። ከወንዶቹ ረድፍ የናሁሠናይ ከንፈር፣ ያለ ድምፅ፣ «ተይ» አላት።

«ኖር፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ብነሣ እወድቃለሁ። ኩራት አይደለም፤ ሕመም ነው። ተቀምጬ ኖር ልበልዎ።»

ሕመም... ተባለ ከረድፍ ረድፍ፣ በሹክሹክታ። ሕመም... የናሁሠናይ ፊት ጠቆረ። እትዬ አስካለ ከንፈራቸውን ነከሱ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ዐይናቸው ከዐይኗ እስኪገጥም ጎንበስ አሉ፤ ለተነሣ ሰው የሚሰጠውንም ቃል ለእርሷ፣ ለእርሷ ብቻ ሰጧት።

«በእግዜር፣ ልጄ።»

ለቀሩት ምንም አላሉም። አልፈው ሄዱ፣ ወደ ሐዘንተኛዋ፣ ወደ እትዬ አስካለ።

ቆሞ ቀረ ድንኳኑ... መቀመጥ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ሳያውቅ፣ ትንፋሹን እንደያዘ። በመካከሉ፣ ተቀምጣ፣ እስከዳር ብቻ ተነፈሰች።