የእማማ ሳሙና ጡሩንባ

ልጆች እጅ መታጠብ አይወዱም። የሕፃናት ማቆያዋ አስተማሪ ግን በዘፈን ታስታጥባቸዋለች፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ከቧንቧው ንቅንቅ የሚል የለም። ግጥም ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ለሰማ ላልሰማው የምታወራው ራሷ ናት።

አንድ ቀን ልጆቹ አልስቅ ቢሏት፣ ከዘፈኗ አቶ ዝሆን የሚባለውን አውጥታ በምትኩ አክስቷን ከተተች። አክስቷ የማቆያው ልብስ አጣቢ ናት፤ ልጆቹ እማማ ሳሙና ይሏታል። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ዛሬም በአንድ ክፍል ያድራሉ። ታዲያ የዕድሜ ነገር፣ ጎንበስ ስትል አየር ያመልጣታል። ይህን ከእህቷ ልጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እማማ ሳሙና ጎንበስ ሲሉ፣
ከኋላ ጡሩንባ ይነፋሉ፤
ድመቷ ሸሸች፣ ዶሮው ደንብሮ፣
የተሰጣው ሱሪ ሄደ በርሮ!»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘፈን እምቢ አሉ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። «ዛሬ አቶ ዝሆንን ነው የምንዘፍነው፣ እሺ?» አለቻቸው አስተማሪዋ።

«እሺ!» አሉ ባንድ አፍ። አመነቻቸው። ሕፃን የሚያስቀውን ትቶ የማያስቀውን ይዘፍናል ብላ!

አክስቷ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ግጥሙ የልጄ ነው፤ ከራሷ አፍልቃ!» ትላለች አጠገቧ ላለው ሁሉ።

ልጆቹ ጀመሩ፤ «እማማ ሳሙና ጎንበስ ሲሉ...»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥርሰ ወላቃው ልጅ ጭራሽ ጣቱን ቀስሮ «እሳቸው ናቸው! እሳቸው!» አለ። አክስቷም ሳቀች፤ አጨበጨበች። ከዚያ አንድ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና ቀሚሷን ወደ ታች ጎተተ። ያን እጅ ያየችው አስተማሪዋ ብቻ ነበረች።

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ «ዜማው ያምራል» አለች አክስቷ።

«እቴቴ፣ ቀልድ እኮ ነው...»

«ሰዉ ሲስቅ እያየሁ፣ ቀልድ መሆኑ ይጠፋኛል?» ጥቂት ሄዱ። «ሌላ ቦታማ አየሩን እይዘዋለሁ፣ ልጄ። የምለቀው ቤቴ ስገባ ነበር።»



በማግስቱ ጠዋት አክስቷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወደ በሩ ሄደች።

«እቴቴ፣ ውጭ ይበርዳል። እዚሁ እሰሪው።»

«ግድ የለም፣ መጣሁ» አለችና ወጥታ፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።