የአምስት ደቂቃ ሥራ

«ይች ነጭ ነገር ምንድን ናት?» አሉ አቶ እጅጉ፣ የሟቹን ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። «ጉንጩ ላይ። የተልባ ፍሬ ታክላለች።»

ተስፋው አጠገባቸው ተቀምጧል። የዘገነው ንፍሮ እጁ ውስጥ ቀዝቅዟል። ታላቅ ወንድሙ ላቀው ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ያለው ግቢው በዕድሩ ድንኳን ተሸፍኗል።

«እንጃ» አለ ተስፋው።

«እንዴት እንጃ ትላለህ? ካሜራ ጠጋኙ አንተ አይደለህ?»

ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤት አቻምየለሽ ቆም አለች። «ኧረግ አቶ እጅጉ! እርስዎ ቤት ባለው ፎቶ ላይ የለችምና ነው? በልጅዎ ሠርግ ሙሽራዋን ዓይኗን ሞራ አስለብሳ ያወጣቻት ይችው አይደለች? የእኔንም ጉርድ ፎቶ ቀበሌ መልሶብኛል። ላቀው ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ካሜራው የዚህን ከተማ ሰው ሁሉ በአንድ ማኅተም ነው የመታን።»

ሰዎቹ ሣቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ተስፋው ብቻ አልሣቀም። ያችን ነጥብ ከማንም በፊት ያያት እሱ ነበር።

አባታቸው ቡሬ ላይ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ አሮጌውን የጀርመን ሌንስ ለላቀው፣ የመፍቻውን ሣጥን ለተስፋው ሰጡ። «ላቀው ዓይን አለው፤ ተስፋው እጅ አለው» አሉ። ቃሉ በተስፋው ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ። ዓይን የሌለው ማን ሆነና?

ከጊዜ በኋላ የአባታቸው ካሜራ ፈጽሞ ሲሰበር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት የከፈተው ላቀው ሌንሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ተስፋው ወዳለበት ቡሬ መጣ። «ለዚህ የሚሆን የካሜራ ቀፎ ፈልግልኝ። አንተ የመረጥኸውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀበል» አለው።

ተስፋው አዲስ አበባ ድረስ ወረደ። መርካቶ አንዱ ሱቅ ውስጥ ሰባት አሮጌ ቀፎዎች ተደረደሩለት። የአንዱ ጥርስ ሌንሱን አልይዝ አለ። የሌላው መስተዋት ወደ ላይ ተነሥቶ ቀረ። አምስተኛው፣ የሩሲያው፣ ሌንሱን እየተሽከረከረ ዋጠው፤ ሲጫኑትም ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ተስፋው በመጨረሻ ጀርባውን ከፍቶ ወደ ፀሐይ አነሣው። ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው ጥቁር የጨርቅ መጋረጃ ላይ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ብርሃን ሲያልፍ አየ፤ በየፎቶው ነጭ ነጥብ የምትጥል ቀዳዳ ናት።

ጥላሸት ከጎማ ማስቲሽ ጋር ለውሶ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ማስቲሹም ኪሱ ነበር።

አላደረገውም፤ ቀፎውን ገዝቶ እንዲሁ ለላቀው ሰጠው። «ይምጣ» አለ በልቡ። «ፎቶው ሲበላሽበት ይምጣና፣ ያለ አንተ አልሆነልኝም ይበለኝ።»

ላቀው አልመጣም። ተስፋው የመጀመሪያውን ዓመት ጠበቀ። ሁለተኛውን ዓመት አፈረ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት ፍኖተ ሰላምን በአውቶቡስ እያለፈ፣ ፊቱን ወደ ማዶው መስኮት እያዞረ ኖረ። ዲጂታል የያዙ ልጆች ከተማውን ሞሉት። ላቀው ፎቶ ቤቱን ዘግቶ አረቄ ቤት ይውላል ሲሉት ሰማ። ቀጥሎ የሰማው መርዶውን ነው።

ከድንኳኑ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። የላቀው ሚስት እናኑ ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል።

«እቴ እናኑ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

«አንሶላውን ለምን እንደ ሰቀለው ታውቃለህ?» አለች ሳታየው። «ሰዉን ወደ ዳር ያስቀምጥና ነጥቧን ነጩ ላይ ያሳርፋታል። እዚያ አትታይም። ሠርግ ቤት ግን አንሶላ ይዞ አይሄድ።»

«ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ቢወስደው ኖሮ…»

«እኔም ብዬው ነበር። "ወንድሜ መርጦ የሰጠኝን ሌላ ሰው አይፈታውም" አለኝ። "ሳያየው ቀርቶ ይሆናል" ብዬ ላጽናናው ብል ሣቀብኝ። "የተስፋው ዓይን ይችን አይስትም። አይቷታል። አንድ ቀን መጥቶ ይነግረኛል" አለ።»

ተስፋው ወደ አንሶላው ሄዶ ጫፉን ያዘ። «እሱን ልነግርሽ ነበር የገባሁት።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች እናኑ። «እሱ ነው ሰባት ዓመት መንገድ መንገዱን ሲያይ የኖረው።»

ከውጭ ጩኸት ተሰማ። የደምበጫ ዘመዶች እየደረሱ ነበር። እናኑ ተነሥታ ነጠላዋን አጠበቀች። አቻምየለሽ ፎቶውን ይዛ በበሩ ብቅ ስትል ተቀበለቻትና ለተስፋው ዘረጋችለት።

«ይህን በዚያው ካሜራ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወደ ዳር በል ብለው እምቢ አለ። "እኔ ላይ ትረፍ" ብሎ መኻል ላይ ተቀመጠ። በል ያዘው። ወንድሙ ነህ።»

ተስፋው ወጣ። ደምበጫዎች «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረት እየመቱ ገቡ። ፎቶውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገ። አውራ ጣቱን ግን በላቀው ጉንጭ ላይ፣ ነጥቧ ላይ ጫነ።

«ኧረ እጅህን አንሣ እንጂ!» አሉ አቶ እጅጉ ከኋላው። «ፊቱን ሸፈንኸው እኮ!»

ተስፋው አውራ ጣቱን ይበልጥ ጫነ።