የደሴው አውራ ዶሮ

«ሁሉም ዘፈን ጥሩ ነው» የሚል ሰው አልወድም። እንዲህ የሚል ሰው ወይ ዘፈን ሰምቶ አያውቅም፣ ወይ ጠብ ይፈራል። እኔ ዘሀራ ኑርዬ በዘፈን ጉዳይ ጠብ ፈርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ በሐይቅ ከተማ በዘፈን ያልተጣላ ሰው ካለም እኔ አላየሁትም፤ በተለይ እንድሪስ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያልተጣላ።

እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ እሱ ለሰፋው ቀሚስ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዙን እዘመዝማለሁ። ቴፑ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ዘፋኙ መጎተት ሲጀምር እንድሪስ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ድንጋዩ እስኪሞቅ እኛ እንከራከራለን።

ሦስተኛችን አያሌው ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። ማለዳ መረቡን ከሐይቁ አውጥቶ፣ ዓሣውን ሸጦ፣ ክራሩን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ዓሣ ዓሣ እየሸተተ በከተማው ዘፈን ሁሉ ላይ ይፈርዳል። ለአያሌው ከአምባሰል ቅኝት ውጪ ያለው ሁሉ ጫጫታ ነው። እንድሪስ ደግሞ ሳክስፎን የሌለበትን ዘፈን ዘፈን ብሎ አይጠራውም፤ «የክራርህን ጅማት መረብ ጠግንበት» እያለ አያሌውን ሲያበግነው ይውላል። እኔ የግጥም ሰው ነኝ። ግጥሙ ባዶ ከሆነ ሳክስፎኑ ቢያለቅስ፣ ክራሩ ቢዘል አይገባኝም።

የአባቴ የኑርዬ የሸቀጥ ሱቅ ከእንድሪስ ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ በመሀል ያለችው አንዲት ስስ የጭቃ ግድግዳ ናት። ቴፑ ከፍ ባለ ቁጥር አባቴ ግድግዳዋን በሚዛን ድንጋይ ይደበድባታል። «ያን ጩኸት ዝጉልኝ፤ ጨው የሚገዛውን ሰው እንኳ መስማት አቃተኝ» ይላል። እኛ ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። ትንሽ ቆይተን መልሰን እንከፍተዋለን።

ያ ካሴት የመጣው ከደሴ ነው። የእንድሪስ የአጎት ልጅ ሙዘይን ቀድቶ በመንገደኛ ላከው። «አዲስ ነው፤ ገና ደሴም በቅጡ አልተሰማም» የሚል መልእክት ነበረው። እንድሪስ ከተተውና ሦስታችንም ወደ ቴፑ ተጠጋን።

ዘፈኑ ዝግ ያለ ነበር። በጣም ዝግ ያለ። ወፍራም፣ የከበደ ድምፅ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል፤ አንዱን «መጣሁ» ጨርሶ ወደ ሌላው እስኪሻገር የአንድ ቀሚስ ቁልፍ ተክዬ እጨርሳለሁ። ከዚያ «ደጁን ክፈቱልኝ» ይላል። ልክ እዚህ ላይ አውራ ዶሮ ይጮሃል። የእውነት ዶሮ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ መተንፈስ ብሎ የሚቆረጥ። ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል።

እኔ ተጠራጣሪ ነኝና መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድንጋዩን ነው። እንድሪስ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ ከተተ። ያው ነው። ሌሎቹ ካሴቶች በደንብ ይዘፍናሉ፤ ይህኛው ያዘግማል። ደግሞ ዶሮው አለ። ድንጋይ ቢደክም ዶሮውም በተጎተተ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ጎረቤት ዶሮ ጥርት ብሎ ነው የሚጮኸው። በዚህ ጉዳዩ ተዘጋ።

የተከፈተው ክርክሩ ነው።

«ይህ ሰው ሚስቱ ታማበታለች» አለ እንድሪስ። «መንገድ ላይ ነው ያደረው።»

«የምን ሰውዬ? ሴት ናት እኮ» አለ አያሌው። «አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ዘግቶ ነው እንጂ።»

«ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚመጣው ልብ ነው፤ እግር አልተነሳም» አልኩ እኔ። «ሊመጣ የሚችል ሰው እንዲህ እየተጎተተ መጣሁ አይልም።»

«ታዲያ ዶሮው ለምን ጮኸ? ነጋ ማለት ነው። ደርሷል» አለ እንድሪስ።

በዶሮው ጉዳይ ግን ሁላችንም አንድ ነበርን። «የደሴ ሙዚቀኛ አይቻልም» እንባባላለን፤ «የእውነት ዶሮ ስቱዲዮ ድረስ አስገብቶ።» ቦታው ሲደርስ ሦስታችንም አብረን እንጮሃለን። ልብስ ሊለካ የመጣው ሁሉ ዶሮውን ሳይሰማ አይሄድም። አባቴ ብቻ ከግድግዳው ማዶ በሚዛን ድንጋዩ ያንኳኳል።

ኅዳር ላይ የየቀበሌው ኪነት ቡድኖች ውጫሌ ላይ ይወዳደሩ ተባለ። ሦስታችንም በቀበሌያችን ቡድን ተመዘገብን። የተመረጡት ጥር ላይ ደሴ ይሄዳሉ። ሁላችንም የግራ እጃችንን አንስተን የምንዘምረው መዝሙር አለን፤ እሱ ግዴታ ነው። ከእሱ በኋላ ግን አንድ ዘፈን የፈለጉትን ማቅረብ ተፈቀደ። አያሌው በክራር፣ እንድሪስ በከበሮ፣ እኔ በድምፅ የኛን ዘፈን ይዘን እንድንወጣ ተወሰነ። አያሌው ወደ አምባሰል አዙሮ ቃኘው። ዶሮውን እንድሪስ ይጮሃል።

እኔ ቁልፍ ስተክል የምዘፍን ሰው ነኝ እንጂ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። መዝፈን ግን ከምንም ነገር በላይ እወዳለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አባቴን ፈቃድ ስጠይቀው ሚዛኑን ሲያስተካክል ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ሂጂ። ግን ስሚኝ። ሰው ከሳቀብሽ በዚያው ያበቃል። የኑርዬ ልጅ የገበያ መሳቂያ አትሆንም። ተመልሰሽ ቁልፍሽን ትተክያለሽ፤ ዘፈን የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ።»

«ኢንሻአላህ አይስቁም» አልኩት። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እኔም ከሳቁብኝ ልተው ቃሌን ሰጠሁ።

በዕለቱ ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ጭኖን ወደ ውጫሌ መንገድ ጀመርን። አባቴ የውጫሌ ገበያ ቀን ስለሆነ በርበሬ ልገዛ ብሎ በጭነት መኪና ማልዶ ሄዷል። ሐይቁን ወደ ኋላችን ትተን ብዙም ሳንርቅ ሾፌሩ ካሴት ከተተ።

ከበሮና ጥሩንባ ተንጫጫ። ተሳፋሪው በየወንበሩ ትከሻውን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ፣ ሳቅ ሳቅ የሚላት፣ እየተጣደፈች ትዘፍናለች፦ «መጣሁ መጣሁ መጣሁ፣ ደጁን ክፈቱልኝ!»

አያሌውን አየሁት። እሱ እንድሪስን ያያል። እንድሪስ እጁን አፉ ላይ ጭኗል። «ደጁን ክፈቱልኝ» ካለች በኋላ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። ዶሮ የለም። ጥሩንባው ብቻ ዘለለ።

«ወንድሜ፣ ይህ ዘፈን ምንድን ነው?» አለ እንድሪስ ለሾፌሩ።

«ምነው፣ አታውቀውም እንዴ? ከወልድያ ደሴ ስመላለስ ሰው ሁሉ ይህን ካልከፈትክ አንሳፈርም እያለኝ ነው። የእናንተ ከተማ ግን ቴፕ ይጮህበታል፤ እዚያ ስቆም የራሴንም አልሰማው።»

ያን ጊዜ እንድሪስ ገባው። ሙዘይን ጓሮው ውስጥ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው የቀዳው። የሚዘፍነው ቴፕ ድንጋዩ ደክሟል፤ ስለዚህ ዘፈኑ ተጎተተ፣ የልጅቷም ድምፅ ወፈረ። የሚቀዳው ቴፕ ድንጋዩ አዲስ ነው፤ ስለዚህ በአጠገቡ የጮኸውን የሙዘይንን ዶሮ እንዳለ ያዘው። እኛ ስንት ወር ያለቀስንለት ሰው፣ ለካ ሠርግ ቤት የምትሮጥ ኮረዳ ናት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሳቄ ብዛት ከወንበር በወደቅሁ ነበር። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ሚዛኑን የሚያስተካክለው አባቴ ነው። የውጫሌ ሰው ዘፈኑን በልቡ ይዞታል። እኔ ሄጄ እንደ ታመመ በሬ እየጎተትኩ ስዘፍነው ምን ያደርጋል? ይስቃላ። ከዚያ በኋላ ዘሀራ አትዘፍንም።

«ሴት ናት አላልኳችሁም?» አለ አያሌው። በዚህ ሰዓት። ልመታው ነበር።

«በፍጥነት እንዝፈነው» አለ እንድሪስ። እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሞከርነው። ቃላቱ አፌ ውስጥ ተጋጩ፣ የአያሌው ጣቶች ተምታቱ። ሁለተኛ ሞከርን፤ ባሰ።

«ተዉት» አልኳቸው። «ይህን ዘፈን እኔ አላውቀውም። የማውቀው የኛን ነው። እኔ የማዝነውን አዝኛለሁ፤ የሷ መቸኮል የራሷ ጉዳይ ነው።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለ እንድሪስ። ከበሮውን ግን ጭኑ ላይ አጥብቆ ይዞት ነበር።

መድረኩ ከገበያው አጠገብ ነው። መዝሙራችንን ዘምረን፣ መፈክሩን ካሰማን በኋላ አያሌው ክራሩን ነካ። ሰዉ ቅኝቱን ሲሰማ ወደ መድረኩ ቀረበ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። «መጣሁ...»

ከፊት ያሉት ተያዩ። ዘፈኑን አወቁት። ማንሾካሾክ ተጀመረ። ከመሀል አንድ ጎረምሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኧረ ድንጋይ ቀይሩላት!» አለ። ከአጠገቡ ያሉት በሳቅ ፍርስ አሉ።

አለቀ አልኩ በልቤ። ግን መቼም ለመጨረሻ ጊዜ ከሆነ አሳምሬ ልጨርሰው ብዬ ቀጠልኩ። ያን ጎረምሳ እያየሁ፣ ለእሱ ብቻ «ደጁን ክፈቱልኝ» አልኩት። አያሌው ክራሩን አቆመ፤ የዶሮው ቦታ ነው። ወደ እንድሪስ ዞርኩ። እንድሪስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ከበሮውን አቅፎ እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ከዚያ ከሰዉ ኋላ፣ ከበርበሬ ተራ በኩል፣ «ኩኩሉሉ!» የሚል ተሰማ። የኛ ዶሮ ነው፣ የደሴው። መጨረሻው ላይ እንደ መተንፈስ ብሎ ተቆረጠ። እንዲህ አድርጎ ሊጮኸው የሚችለው ያንን ካሴት ስንትና ስንት ጊዜ የሰማ ሰው ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። አባቴ የበርበሬ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ሲያዩት ጊዜ ጆንያውን ማስተካከል ጀመረ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ሁሉ የሚዛን ድንጋይ ድብደባ፣ ያ ሁሉ «ዝጉልኝ»፣ ለካ አባቴ ከግድግዳው ማዶ ዶሮውን ሲያጠና ኖሯል። እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

ሁለተኛውን ቤት ስጀምር ሰዉ ጸጥ አለ። አሁን ሲያዳምጡ ታወቀኝ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ቦታው ሲደርስ አያሌው ክራሩን አቆመ፣ ያ ጎረምሳ ሳይቀር ገበያው በሙሉ «ኩኩሉሉ!» አለ። የታሰሩት ዶሮዎችም ከዶሮ ተራ መለሱ።

አንደኛ አልወጣንም። አንደኛ የወጣው የአምባሰል ገጠር ቡድን ነው፤ እውነት ለመናገር ከኛ ይበልጡ ነበር። እኛ ሁለተኛ ሆነን ደሴ ከሚሄዱት ውስጥ ተቆጠርን።

ስንመለስ ያው አውቶቡስ ነው የጫነን። አባቴ ጆንያውን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ከጎኔ ተቀመጠ። ሾፌሩ ካሴቱን ከፈተ። ልጅቷ እየተጣደፈች «ደጁን ክፈቱልኝ» ስትል ከውጫሌ የተሳፈረው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ነካ። «የኔ ካሴት ዶሮ የለውም?» አለ። «ቀድታችሁ ላኩልኛ።» እንድሪስ እና አያሌው ደግሞ ከኋላ ወንበር አዲስ ክርክር ጀምረዋል፤ የትኛው ነው ዋናው ዘፈን፣ የሷ ወይስ የኛ።

ሐይቁ ከሩቅ ብቅ ሲል ቃሌን አስታወስኩ። ቃል ቃል ነው።

«አባዬ» አልኩት፤ «ሰው ግን ስቋል።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ጆሮው ቀልቷል።

«የሳቁት በዶሮው ነው» አለ። «በአንቺማ ማን ሳቀ?»

ጆንያውን እያስተካከለ «ደሴ መቼ ነው የምትሄዱት?» አለኝ።

«ጥር ላይ።»

«ሙዘይንን ሰላም በይልኝ» አለ አባቴ። «ያን ዶሮ እንዳያርደው፣ ኑርዬ አደራ ብሎሃል በይው።»